ሳይቃጠል በቅጠል
(ስለ ተናቀ ማስጠንቀቂያ የተደረገ የሬዲዮ ንግግር)

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል ማያያዝ ችላችሁ ይህን ጽሑፍ በራሳችሁ ዓይን ለማንበብ በመብቃታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ዛሬ የምናነበው ከታሪክ ነው። ታሪኩ ከሩቅ፣ ከሰማይ ይጀምርና እኛው አገር መጥቶ ያርፋል። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን መስመር መልሳችሁ አንብቡት።

ቅዳሜ ቀን ጂንካ ገበያ ወጥታችሁ የአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ዘንድ ምጣድ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ። ገዢዋ እናት ምጣዱን አንስታ በጣቷ ቆርቆር ታደርገዋለች። ድምፁ ከጠራ ትገዛዋለች። ድምፁ ከታፈነ ግን ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። “ግድ የለም፣ ትንሽ ስንጥቅ ናት” ብላ የምትገዛ የለችም። ለምን ቢባል፣ ትንሿ ስንጥቅ እሳት ላይ ስትጣድ ትልቅ እንደምትሆን ሁሉም ያውቃል።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው። ብዙ የተማሩ፣ ብዙ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች እንደዚች እናት ቆርቁረው ሳይሰሙ ቀርተው፣ ወይም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው የሰው ሕይወት የጠፋበትን ሦስት ታሪክ እነግራችኋለሁ። የማነሣቸው ቀናት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በ1978 ዓ. ም. የሆነ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ቻሌንጀር የምትባል መንኮራኩር ነበረችው። መንኮራኩር ማለት ከምድር ተነሥታ ከአየር በላይ፣ ወደ ጠፈር የምትወጣ ተሽከርካሪ ናት። በዚያን ጊዜ ከሚሄዱት ሰባት ሰዎች አንዷ እንደ እኔ መምህርት ነበረች። ስሟ ክሪስታ ማኮሊፍ ይባላል። ከጠፈር ሆና ለተማሪዎች ትምህርት ልትሰጥ ነበር የታሰበው።

መንኮራኩሯን የሚያስወነጭፉት ሮኬቶች በመገጣጠሚያቸው ላይ የጎማ ቀለበት አለባቸው። ቀለበቱ የሚነደው ጋዝ እንዳይሾልክ ያሽጋል። ጎማ ደግሞ ሲበርደው ይደርቃል፤ ቶሎ አይለጠጥም። ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች፣ “ብርዱ ከባድ ነው፤ ጎማው በደንብ ላያሽግ ይችላልና ነገ አትሂዱ” ብለው በስልክ ተከራከሩ። አለቆቹ ግን ጉዞው ደጋግሞ ስለ ተላለፈ ተቻኩለው ነበር። በመጨረሻ የኩባንያው የሥራ መሪዎች የመሐንዲሶቹን ቃል ሽረው “ይሂድ” አሉ።

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ. ም. ቻሌንጀር ተነሣች። በ73ኛው ሴኮንድ በአየር ላይ ፈራረሰች። ሰባቱም ሞቱ። ተማሪዎች መምህርቷን በቴሌቪዥን እያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምርመራ ተደረገ። ከመርማሪዎቹ አንዱ ሪቻርድ ፋይንማን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ይህ ሰው በሸንጎው ፊት ከዚያው ጎማ ቁራጭ ወስዶ በረዶ ባለበት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከረው። ሲያወጣው ጎማው እንደ ልማዱ ቶሎ አልተመለሰም። ለካ ነገሩ በአንድ ብርጭቆ ውኃ የሚታወቅ ኖሯል! ግን ምን ያደርጋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው 17 ዓመት በኋላ የሆነ ነው። “አንዴ የተመታ ይማራል” ይባል ይሆናል። እስቲ ተምረው እንደሆነ አብረን እንይ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንወቅ። መንኮራኩር ከጠፈር ወደ ምድር ስትመለስ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። ስትወርድ ከፊቷ ያለውን አየር በኃይል ትጨምቀዋለች። አየር ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋችሁ እንደሆነ መንፊያው እጃችሁን ሲያሞቀው አይታችኋል፤ እሱ ነው። የመንኮራኩሯ ግን እጅግ የበዛ ነው። የክንፏ ጫፍ ከ1,600 ዲግሪ በላይ ይግላል። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ገደማ ነው። የመንኮራኩሯ አካል የተሠራው እንደምንቀቅልበት ድስት ከአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ስለዚህ ያለ መከላከያ ብትወርድ ትቀልጣለች ማለት ነው።

ይህ እንዳይሆን ሆዷና ጎኗ ከ24,000 በላይ በሆኑ ቀላል ጡቦች ተሸፍኖ ነበር። ጡቦቹ ከጠራ አሸዋ በተሠራ ክር የተዘጋጁ ነበሩ። የክንፎቿ ጫፍ ደግሞ በጣም ሙቀት በሚችል ጠንካራ ካርቦን ተለብጧል። ይህ ሁሉ የሙቀት ጋሻ ይባላል። ጋሻ ከጦር እንደሚያድን፣ ይህም ከእሳት ያድናል።

ጥር 8 ቀን 1995 ዓ. ም. ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ሰባት ሰዎች ይዛ ተነሣች። በተነሣች በ82ኛው ሴኮንድ ገደማ ከትልቁ የነዳጅ በርሜል ላይ አንድ ቁራጭ መሸፈኛ ወደቀ። እንደ ፍራሽ ስፖንጅ የቀለለ ነገር ነው። ሚዛኑ ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ነበር። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ላይ ነበሩና የግራ ክንፏን ጫፍ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት መታው።

በማግሥቱ መሐንዲሶች በካሜራ የተነሣውን ፊልም አዩት። ልባቸው ፈራ። “መንኮራኩሯ ጠፈር ላይ ሳለች ክንፏን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይነሣልን” ብለው ጠየቁ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግመው ጠየቁ። አለቆቹ ግን ጥያቄውን ዘጉት። ለምን? ምክንያታቸው ይኼ ነው፦ “ስፖንጁ እኮ ከዚህ በፊትም በብዙ ጉዞ ወድቋል። ምንም አላመጣም።” ለመንገደኞቹም አንዳች የሚያሳስብ ነገር እንደሌለ ተጽፎ ተላከላቸው።

ጥር 24 ቀን 1995 ዓ. ም. ኮሎምቢያ ልትመለስ ጀመረች። ክንፏ ላይ ቀዳዳ ነበር። የጋለው አየር በቀዳዳው ገባ። የውስጡን አሉሚኒየም አቀለጠው። ሊያርፉ 16 ደቂቃ ያህል ሲቀራቸው በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባቱም ሞቱ። በኋላ መርማሪዎች ለሙከራ ያንኑ የመሰለ ስፖንጅ በክንፍ ጫፍ ላይ ቢተኩሱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ከፈተ።

የመርማሪዎቹ መጽሐፍ በነሐሴ 1995 ዓ. ም. ወጣ። ለአደጋው ምክንያት የሆነው ስፖንጁ ብቻ እንዳልሆነ፣ የድርጅቱ የአሠራር ልማድም የዚያኑ ያህል ምክንያት እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው የሙቀት ጋሻው ጠፈር ላይ እንዳለ በካሜራ እንዲመረመር ተደረገ። እነዚያ መንኮራኩሮች ሥራቸውን እስከ ጨረሱበት እስከ 2003 ዓ. ም. ድረስ በዚሁ ሁኔታ ሠሩ። ካሜራውን የጠየቁት መሐንዲሶች ልክ ነበሩ ማለት ነው። ግን መልሱ የመጣው ከሰባት ሰው ሞት በኋላ ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የነዚያ አለቆች ስሕተት ምን ነበር? ክፉ ሰዎች ስለ ነበሩ አይደለም። “ትናንት ስለ ተረፍን ዛሬም እንተርፋለን” ማለታቸው ነው። ስንጥቁ ምጣድ ትናንት እንጀራ ጋግሯል። ይህ ማለት ግን ዛሬም ይጋግራል ማለት አይደለም። በየቀኑ ስንጥቁ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው እንጂ እየዳነ አይደለም።

ይህን ስናገር ሰው ልወቅስ ብቻ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ገና ማስተማር በጀመርኩበት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የክፍላችን ምሰሶ እንጨት ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ቀን በዱላቸው ምሰሶውን መታ መታ አድርገው፣ “መምህር፣ ይኼ እንጨት ባዶውን ነው። ምስጥ በልቶታል” አሉኝ። እኔም፣ “አባባ፣ ስንት ክረምት ችሎ የቆመ ነው፤ አያስቡ” አልኳቸው። ሁለተኛም ነገሩኝ። ሳቅሁ። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ነፋስ ተነሣና ጣሪያው በወንበሮቹ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ሌሊት ስለ ሆነ ልጅ አልነበረም። ሰኞ ጧት ቢሆን ኖሮስ? ይህን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም። ዝም ብለው የወደቀውን ቆርቆሮ ሲለቅሙ እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እኔ የምስክር ወረቀት ነበረኝ። የሚሰማ ጆሮ የነበራቸው ግን እሳቸው ናቸው። ፊደል አለመቁጠር ከማየት አይከለክልም፤ መማርም ብቻውን ከስሕተት አያድንም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ታሪክ እንሂድ። ይህ የራሳችን ነው። ሐዘኑም የራሳችን ነው።

ጂንካ ከተማ መካከል የነበረውን የድሮውን የአይሮፕላን ሜዳ ታስታውሱታላችሁ። ሣር የበቀለበት፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነበር። ዛሬ ጂንካ ባለ አስፋልት ማረፊያ አላት። በአየር መንገዳችን ሁላችንም እንኮራለን። የተሳፈረውም ያልተሳፈረውም “አይሮፕላናችን” ይላል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ. ም. እሑድ ጧት 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የበረራ ቁጥሩ 302 የሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ከቦሌ ተነሣ። ወደ ናይሮቢ ነበር የሚሄደው። ከተነሣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ በስተምሥራቅ፣ በግምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ በተባለ ቦታ እርሻ ላይ ወደቀ። 157 ሰዎች ነበሩበት። አንድም አልተረፈ። ሟቾቹ ከ30 በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ ነበሩ። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ የ25 ዓመት ልጅ ነበር።

አይሮፕላኑ አዲስ ነበር፤ ከፋብሪካ ከወጣ አራት ወሩ ነው። ሥሪቱ ቦይንግ 737 ማክስ ይባላል። የሠራው የአሜሪካው ቦይንግ ኩባንያ ነው። ታዲያ አዲስ አይሮፕላን ስለምን ወደቀ?

ነገሩ እንዲህ ነው። 737 የሚባለው አይሮፕላን መጀመሪያ የበረረው በ1959 ዓ. ም. ነው። ኩባንያው በዚሁ በድሮው ቅርጽ ላይ ትልልቅ አዳዲስ ሞተሮች ገጠመበት። ሞተሮቹ ትልቅ ስለ ሆኑ ወደ ፊት ወጣ ብለው ተሰቀሉ። በዚህም ምክንያት አይሮፕላኑ አንዳንዴ አፍንጫውን ከልክ በላይ ወደ ላይ ሊያነሣ ቻለ። ይህን ለማረም ኤምካስ የሚባል አንድ የኮምፒዩተር መሣሪያ ተጨመረ። ኤምካስ አፍንጫው በዛ ብሎ የተነሣ ሲመስለው ራሱ ወደ ታች ይገፋዋል።

አፍንጫው መነሣቱን የሚነግረው በአይሮፕላኑ ጎን ያለ ጠቋሚ ነው። አይሮፕላኑ ሁለት ጠቋሚዎች አሉት። ኤምካስ ግን የሚሰማው የአንዱን ብቻ ነበር። እስቲ እናንተ ፍረዱ! የአገር ሽማግሌ ሁለት ምስክር ቆሞ ሳለ አንዱን ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል? ያ አንዱ ከዋሸስ? ከዋሸማ ኤምካስ ቀና ብሎ የሚበረውን አይሮፕላን “ተነሥቷል” ብሎ ወደ መሬት ይደፍቀዋል። በዚያ ላይ ለአብራሪዎች በሚሰጠው መጽሐፍ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ አልተጻፈም ነበር።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ!

በ2008 ዓ. ም. ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ፣ “ኤምካስ በአንድ ጠቋሚ ላይ ብቻ ከተደገፈ፣ ጠቋሚው ሲበላሽ አደጋ የለውም ወይ?” ብሎ በጽሑፍ ጠይቆ ነበር። በሰኔ 2010 ዓ. ም. ደግሞ ኤድ ፒርሰን የተባለ የፋብሪካው የሥራ ኃላፊ፣ ሠራተኞች በጥድፊያና በድካም ብዛት እየተሳሳቱ መሆናቸውን አይቶ፣ ሥራው ለጊዜው እንዲቆም ለአለቃው ጻፈ። ሥራው አልቆመም።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ. ም. አንድ 737 ማክስ በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የላየን ኤር ድርጅት አይሮፕላን ነበር። 189 ሰዎች ሞቱ። ጠቋሚው ዋሽቶ፣ ኤምካስ አይሮፕላኑን ደፍቆት ነበር። ይህ እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም፤ የደም ደብዳቤ ነው። ከዚህም በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ባለሙያዎች ሒሳብ ሠሩ። መሣሪያው ካልታረመ በእነዚህ አይሮፕላኖች የአገልግሎት ዘመን ውስጥ ከ15 በላይ ተመሳሳይ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ገመቱ። አብራሪዎች ምን እንዲያደርጉ የሚናገር መመሪያ ተላከ። አይሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። “እስኪታረም ድረስ እንዲሁ ይሂድ” ተባለ።

ከኢንዶኔዥያው አደጋ አራት ወር ከ12 ቀን በኋላ የእኛ ወደቀ። የበረራ ቁጥር 302 ጠቋሚ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ተሳሳተ። ኤምካስ ደጋግሞ ደፈቀው። አብራሪዎቹ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው በእጅ ለመመለስ ታገሉ። ከፍጥነቱ የተነሣ ከበዳቸው። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ. ም. ወጣ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ስለ አብራሪዎቹ አያያዝ የተለየ አስተያየት ሰጥተዋል። ኤምካስ በተሳሳተ ወሬ ተመርቶ አይሮፕላኑን ወደ መሬት መግፋቱን ግን እነሱም ተቀብለዋል።

አየር መንገዳችን የቀሩትን የዚህ ዓይነት አይሮፕላኖቹን ወዲያው አቆመ። ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። አሜሪካ መጋቢት 4 ቀን አቆመች። አሜሪካ ውስጥ አይሮፕላኑ ለ20 ወር ቆሞ ኤምካስ ታረመ። ከዚያ ወዲያ የሁለቱንም ጠቋሚዎች ቃል እንዲሰማ ተደረገ። በ2013 ዓ. ም. ቦይንግ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው ስምምነት ከ2 ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ሁለተኛውን ጠቋሚ አስቀድሞ ማዳመጥ ከዚህ ሁሉ ምን ያህል በረከሰ! ደግሞስ 346 ነፍስ በየትኛው ገንዘብ ይተመናል?

ወገኖቼ፣ “እኛ ጠፈር አንሄድ፣ አይሮፕላን አንሠራ፤ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?” ትሉ ይሆናል። ምናችን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በነሐሴ 1998 ዓ. ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ላይ ፈሰሰ። ከ300 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ብዙ ከብት ተወሰደ። ኦሞ የሚሞላው ኦሞራቴ ላይ በዘነበው ዝናብ ብቻ አይደለም። ደጋ ላይ፣ ሩቅ አገር የዘነበው ዝናብ ነው የሚሞላው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውኃው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከላይ “ወንዙ ሞልቷል፣ ወደ ከፍታ ውጡ” የሚል ቃል ሲመጣ “ዝናብ የታለ?” ብሎ መከራከር አይገባም። “አምና ተብሎ ነበር፣ አልመጣም” ማለትም የኮሎምቢያ አለቆች አነጋገር ነው።

የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለ፤ ከሥሩም ጽሑፍ አለ። የወባ ኪኒን ማሸጊያ ላይ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ተጽፏል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ “አደጋ” ይላል። ትናንት ይህን ሁሉ ሰው እስኪያነብላችሁ ትጠብቁ ነበር። ዛሬ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። አንብባችሁ ዝም ካላችሁ ግን ካለማንበብ በምን ይሻላል?

ሁለተኛም፣ አደጋ ያየ ሰው ይናገር። መናገር ብቻ ሳይሆን ይጻፈው፤ ቀኑንም ያስፍርበት። የ2008ቱ መሐንዲስ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ የተገኘው ተጽፎ ስለ ነበረ ነው። ቃል ይረሳል፤ “አልሰማሁም” ይባላል። ጽሑፍ ግን ይመሰክራል። የድልድዩ እንጨት ከበሰበሰ፣ የውኃ ጉድጓዱ ክዳን ከተሰበረ፣ ለቀበሌው በሁለት መስመር ጻፉ። በፊደል ስሕተት አትፈሩ።

ሦስተኛም፣ የተነገረው ሰው ተናጋሪውን አይናቅ። ተናጋሪው ሕፃን ይሁን፣ ጥበቃ ይሁን፣ ሴት ትሁን፣ እረኛ ይሁን፣ መጀመሪያ ሄደን ምሰሶውን እናንኳው። ደህና ሆኖ ከተገኘ የጠፋው ጥቂት ጊዜ ነው። ባዶ ሆኖ ከተገኘ የዳነው የልጆቻችን ሕይወት ነው።

ያ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ በኋላ በማታው ትምህርት ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ ዛሬ ያነባሉ። አዲሱ ክፍል ሲሠራ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በዱላቸው እየመቱ ያስመረጡን እሳቸው ናቸው። እኔም ከኋላቸው እየተከተልኩ አዳመጥኩ።

ለመወያያ እንዲሆናችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ከጓደኞቻችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው። የሙቀት ጋሻ ጥቅሙ ምንድር ነው? የሦስቱም ታሪኮች አንድ የሆነ ስሕተት የትኛው ነው? በሰፈራችሁ “እስካሁን ምንም አልሆነም” እየተባለ የተተወ አደጋ አለ? ካለ ምን እንደሆነ በደብተራችሁ በሦስት መስመር ጻፉና ለሚመለከተው ሰው አንብቡለት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።